አሳዳጁ መኪና ላይ ጭረት የለም

ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ኢንሹራንስ የአደጋ ግምት አወጣለሁ። ሜትር፣ ካሜራና ፎርም ይዞ መዞር ነው። አብዛኛው ጉዳይ የባጃጅ ነው፤ በተለይ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በርጫ ላይ ሲሆንና መንገዱ ጭር ሲል ነዳጅ የሚረግጥ አይጠፋም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

አሸዋ ገበያ አካባቢ ነው የተጠራሁት። የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ የኮንትሮባንድ ጫማ የተጠቀጠቀበት ኮሮላ፣ ፖሊስ በፒክአፕ ሲያባርረው መታጠፊያው ላይ መንገድ ስቶ፣ ቆሞ የነበረ ባጃጅ ገጨ፤ ባጃጁን እየገፋ ሄዶ አንዲት እናት የማንጎ መደብ ላይ ደፋው። ከዚያ ሹፌሩ ማርሽ ለውጦ ወደ ኋላ ወጣና ተፈተለከ። ፒክአፑ ሕዝብ ስለከበበው እዚያው ቀረ። የባጃጁ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተወስዷል። የኮሮላው ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እኛ ጋ ነው።

መጀመሪያ የማየው የፍሬን ምልክት ነው። እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ባጃጁ የቆመበት ቦታ አጠገብ አንድ አጭር ጥቁር መስመር ብቻ አለ፣ ከርምጃ አይበልጥም። ሹፌሩ ባጃጁን ያየው ሊነካው ሲል ነው ማለት ነው። ደግሞስ እንዴት ይይ? የሚሳደድ ሰው ፊት ለፊት አያይም፣ ዓይኑ ስፖኪዮው ላይ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ያ ሁሉ መንገድ አልቋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ነው። በገበያ ሰዓት፣ ሰው አስፋልት ዳር ዕቃ ዘርግቶ በሚሸጥበት ቦታ ይሄ ምን እንደሚያመጣ ለድሬ ልጅ አይነገርም።

ሳጅኑ ፒክአፑን ተደግፎ ቆሟል። ላብ በላብ ሆኗል።

«ሳጅን፣ ታርጋውን አይታችሁት ነበር?»

«አይተነዋል እንጂ! ገና ከሳቢያን ስንነሳ በሬዲዮ ተናግሬያለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አመጣችሁ?»

«አቦ፣ ዝም ብለን ብንለቀውማ ነገ ማን ይቆምልናል?»

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ባዶ አይደለም። አሜሪካም በዚሁ ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው፣ ሲያሳድድ የሚሸሸውን መኪና ከኋላ ገጭቶ ከመንገድ ላስወጣ ፖሊስ ፈርዷል። ሹፌሩ ሽባ ሆኖ ነው የቀረው። ዳኞቹ ያሉት የሳጅኑን ነው፤ በፍጥነት የሸሸ ሁሉ የሚለቀቅ ከሆነ ሁሉም ይሸሻል። ሚልዋኪ የምትባለው ከተማ ደግሞ በ2010 ከከባድ ወንጀለኛ በቀር ማሳደድ ከልክላ በ2017 መልሳ አላላችው። ቀላል ጥያቄ ቢሆን ወዲያና ወዲህ ባላሉ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የጭነቱ ነገር ነው። ሰው የገደለ ወይም ልጅ ይዞ የሚሸሽ ከሆነ ይሳደድ፣ እኔም መንገድ እለቃለሁ። ለጫማ ግን? ድሬ ደግሞ መውጫዋ ብዙ አይደለም። ወደ ሐረር ከሆነ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተህ ደንገጎን ታልፋለህ፤ ወደ ጅቡቲ ከሆነ የደወሌ መንገድ አለ። ሬዲዮ ከየትኛውም ፒክአፕ ቀድሞ እዚያ ይደርሳል። ይኸው ኮሮላውም በማግስቱ በታርጋው ተፈልጎ ተገኘ። የት? ላሜራ ቤት! ፓራውልቱን ሊያቃና ገብቶ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልተገጨም።

ወደ እናትየው ሄድኩ። ማንጎው ተጨፍልቆ አስፋልቱን አጨቅይቶታል፣ ዝንቡ ለጉድ ነው፤ እሳቸው ደህና የቀረውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ለብቻ ያስቀምጣሉ።

«እናቴ፣ የገዙበት ደረሰኝ ነገር ይኖርዎታል?»

«ማንጎ ደረሰኝ አለው እንዴ ልጄ? ከዛፍ እኮ ነው የሚወርደው።»

ሳቅኩ። ግን ችግር ነው፣ ወረቀት የሌለው ንብረት ካሳ ሲጠየቅበት ሁሌ ያከራክራል። (በነገራችን ላይ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት እስከ 100,000 ብር ሲፈቅድ ለሞተ ሰው ጣሪያው 40,000 ነበር። ይሄን ለደንበኛ ሳስረዳ ሁሌም ፊቱን አላይም።) የጎን ነጋዴዎች ስንት ሣጥን እንደነበራቸው እንዲመሰክሩ አስፈርሜ አያያዝኩላቸው።

ከዚያ ፎርሙን መሙላት። በአደጋው የተሳተፉ ተሽከርካሪዎች ይላል። ኮሮላ፣ ባጃጅ። ፒክአፑን ዞርኩት፤ አንድ ጭረት የለበትም፣ ማንንም አልነካም፣ ስለዚህ ፎርሙ አያውቀውም። የአደጋው መንስኤ የሚለው ላይም የሚጻፈው ያው የተለመደው ነው፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር። እኔ ከሥሩ «በፖሊስ ተሽከርካሪ እየተሳደደ ሳለ» ብዬ ጨመርኩበት።

አለቃዬ አየውና «ይሄ ከክፍያው ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ።

«አያገናኘውም ጋሼ። ግን ዓመቱ ሲያልቅ ስንቱ እንዲህ እንደሆነ መቁጠር ብንፈልግ ከየት እናመጣዋለን?»

ትንሽ አሰበና ፈረመበት። የባጃጁ ክፍያ እየሄደ ነው። የማንጎው ገና ነው፣ የምስክሮቹ መታወቂያ ኮፒ ይምጣ ተብሏል።