ጉማሬ ልናይ ጣና ላይ ስንወጣ

የወንድሜ ልጅ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ባሕር ዳር መጥታ ነበር። ትምህርት ቤቷ እንሰሳ ኮቴ ወስዷቸው ስለነበር ስለዚያ አውርታ አትጠግብም። ሆለታ አካባቢ ያለው፣ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ማገገሚያ ነው። በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶች፣ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የተወሰዱ አቦሸማኔዎች፣ ሰው ቤት ያደጉ ጦጣዎች እዚያ ይገባሉ። ወደ ዱር መመለስ የሚችለው ይመለሳል። የማይችለው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይጦራል። ማቀፍ የለም፣ መንካት የለም። "አቦሸማኔዋ ሳር ውስጥ ተኝታ ጆሮዋን ብቻ ነው ያየነው" አለችኝ። ይህንንም የምትነግረኝ ደስ ብሏት ነው። ቀጥላ "አክስቴ፣ እናንተ ጋስ እንዲህ ያለ ቦታ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አጥርና የእንስሳት ሐኪም ያለው ቦታ ላሳያት አልችልም ነበር። ግን ጣና አለ። በደሴቶቹና በዘጌ ያለው ደን እስከ ዛሬ የቆመው በአብዛኛው ገዳማቱ ስለጠበቁት ነው። ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በ2015 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ ብሎ መዝግቦታል። መነኮሳቱ ዛፉን መጠበቅ የጀመሩት ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ነው። ለእኔ ይህም የእንስሳት መጠለያ ነው። ስለዚህ እንሰሳ ኮቴ በተማረችው ደንብ ጣናን ላስጎበኛት ወሰንኩ፦ አንነካም፣ አንመግብም፣ አናሳድድም።

ጀልባ ስፈልግ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። "ጉማሬው ባይወጣስ?" አንዱ ወጣት "ችግር የለም፣ በሞተር እዞረዋለሁ፣ ይወጣላችኋል" አለኝ። ሌላውም ያው ነው። አንድ ጠና ያሉ ጀልባ ነጂ ግን "ካልወጣ አልወጣም፤ እሱ እኮ እቤቱ ነው" አሉ። ከእሳቸው ጋር ተስማማን። ዋጋቸው ከሌሎቹ ትንሽ ይወደዳል፤ አልተከራከርኩም። እንስሳ ላይ ሄደው ሊያሳዩ ከሚቸኩሉት ይልቅ "ላታዩ ትችላላችሁ" የሚሉትን ማመን ይሻላል።

ፀሐይ ስትወጣ ተነሳን። ይህ የግድ ነው። ጠዋት ጣና ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። ላይፍ ጃኬት ሳንለብስ ንቅንቅ አላልንም። ከጓደኛዬ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተውሼ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከስልክ ካሜራ እጅግ ይበልጣል። ርቀትህን ጠብቀህ ሁሉን ታያለህ።

መጀመሪያ የሄድነው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ነው። ጉማሬዎቹ ሌሊቱን ዳር ወጥተው ሳር ሲግጡ ያድሩና ሲነጋ ውኃ ይገባሉ። እኛ ስንደርስ ከውኃው በላይ የሚታይ ነገር የለም። ጋሼ ሞተሩን ቀስ አደረጉት፤ አላጠፉትም። ለምን እንደማያጠፉት ልጅቷ ጠየቀቻቸው። "ድንገት ብንቃረበው ማምለጫ እንዲኖረን ነው፣ ልጄ" አሏት። ከደንገሉ ራቅ ብለን እንጂ በደንገሉና በጥልቁ ውኃ መካከል አልቆምንም። ጉማሬ ሳር በል ቢሆንም የዋህ አይደለም። ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ ሲዘጋበት ወይም ግልገል ሲኖራት አደገኛ ነው። ሰው የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው።

ዝም ብለን ጠበቅን። ቆይቶ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። ከዚያ አፍንጫ። ፍፍፍ አድርጎ ተነፈሰና ተመልሶ ገባ። ውኃ ውስጥ እስከ አምስት ደቂቃ መቆየት ይችላል፤ እንደገና ሲወጣ ከነበረበት ራቅ ብሎ ነው። ያየነው ይኸው ነበር። ልጅቷ እጄን ጨምቃ ይዛ እስኪበቃት አየች። "እንሂድ" ያለችውም እሷው ናት።

ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ዳርቻ ስንጠጋ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። እነዚያ ዓሣ ለመያዝ ጠልቀው የሚገቡ ጥቁር ወፎች አሉ፣ ኮርሞራንት የሚባሉት። አንዱ በተጣለ መረብ ተተብትቦ ደንገሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ክንፉን ሲያራግብ ይባስ ይጠላለፋል። መረቡ ያ ቀጭኑ፣ ውኃ ውስጥ የማይታየው የናይለን ክር ነው። ከተጣለም በኋላ አይበሰብስም፤ ዓሣውንም ወፉንም ሲይዝ ይኖራል።

ጋሼ ነጠላዬን ጠየቁኝ። ከበስተኋላው ቀስ ብለው ጭንቅላቱንና ክንፉን አብረው ሸፈኑት። ዓይኑ ሲሸፈን መንፈራገጡን ተወ። "አፉን አጥብቀሽ አትያዢው፣ ይታፈናል" አሉኝ። ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም፤ በኋላ አንብቤ ተረዳሁ። የኮርሞራንት የውጭ አፍንጫ ድፍን ነው፤ የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ምንቃሩን ጭምቅ አድርጎ የያዘ ሰው ሊያድነው ብሎ ይገድለዋል። ጫፉ ስለሚወጋ ደግሞ ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ወፎች ዓይን ላይ ነው የሚያነጣጥሩት። እኔ በነጠላው እንደተጠቀለለ ያዝኩት። ልቡ መዳፌ ላይ ይደልቃል። እሳቸው በምላጭ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጡት። ክሩን መጎተት አይሆንም፤ ላባውንና ቆዳውን ይዞ ይወጣል። እግሩ ላይ የቀረች አንዲት ዙር እንዳለች አየችና ልጅቷ ጮኸች። ያቺ ዙር እዚያው ብትቀር ኖሮ ቀስ በቀስ እግሩን ቆርጣ ትጥለው ነበር። ሲጨርሱ ውኃው ጠርዝ ላይ አድርገን ነጠላውን አነሳን። ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ጠልቆ ጠፋ።

ክሩን ሰብስበን ጀልባው ውስጥ ይዘነው መጣን። አሁን ጣና ላይ ስወጣ ምላጭና አሮጌ ፎጣ ከቦርሳዬ አይጠፉም። ግን አንድ ነገር አስምሬ ልናገር። ይህ የሚሠራው ለወፍ ነው። ዘንዶም ሆነ ጉማሬ ተጎድቶ ብታዩ መጠጋት የለም፤ ባለሙያ መጥራት ነው። ብቻውን የተገኘ የእንስሳ ልጅም ሁልጊዜ የተጣለ አይደለም። እናቱ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል፣ ወይም እኛን ፈርታ ከሩቅ እያየችን ይሆናል።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባምና በአጠገቡ አልፈን ወደ ዘጌ ሄድን። ስለ ዘጌ ሰው የሚያወራው ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ልጅቷን ያቆምኳት ደኑ ውስጥ ነው። የዘጌ ሰው ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምዶ አያርስም፣ ከብት አያረባም። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር ቃል ኪዳን ተቀብለዋል ይላሉ፦ ይህን ደንብ ከጠበቃችሁ አውሬና መብረቅ አይነካችሁም። ኑሮው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚ ነው፤ ቡና ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ቀረ። ዛፉ ስለቀረ ግዙፍ ምንቃር ያላቸው ወፎች አሉ፣ ጦጣዎቹ አሉ። ከእኛ ሠፈር ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ እንዲህ ያለ ደን መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጦጣዎቹ ወደ እኛ መጡ። ሰው ሙዝና ብስኩት አስለምዷቸዋል። ልጅቷ ቦርሳዋን ዘግታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። የተመገበች ጦጣ ትደፍራለች፣ ከእጅ ትነጥቃለች፣ ከዚያ ድንጋይ ይወረወርባታል። ባዶ እጃችንን ሲያዩ ወዲያው ተዉንና ወደ ቅርንጫፋቸው ተመለሱ። ያኔ ነው እውነተኛውን ያየነው፤ አንዷ የሌላዋን ጸጉር ስትፈትሽ፣ ግልገል ከእናቱ ሆድ ሥር ተለጥፎ።

ስንመለስ ከከተማው ዳርቻ አንድ ልጅ የጦጣ ግልገል በገመድ አስሮ ለፎቶ ያስከፍላል። የወንድሜ ልጅ ቀርባ "እናቷ የት አለች?" አለችው። መልስ አልነበረውም። ግልገል ከእናቷ ደረት በሰላም አትወሰድም፤ አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ ተገድላ ነው። ገንዘብ ከፍለን ወስደን እናሳድጋት አለችኝ። እንዲህ ማለቷ ደግ ስለሆነች ነው፣ ግን እምቢ አልኳት። ከገዛናት ነገ ሌላ ይይዛል። ቤት ያደገች ጦጣ ደግሞ ስታድግ ትናከሳለች፣ ያኔ ወደ ዱርም አትመለስም። በሀገራችን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ፎቶ አላነሳናትም፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ማግሥቱን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ አስመዘገብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ከልጁ ጋር ከመጣላት ይህን ያድርግ፤ የሚገፋው ችግር ነውና ልጁንም ማዋረድ አያስፈልግም።

ለሚመጣው ጥር ፎገራ ሜዳ ልወስዳት አስቤያለሁ። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ፤ ከታጨደ ማሳ ላይ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። ማሳው የገበሬ ስለሆነ ባለቤቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የሚያውቅ ሰው ከአሁኑ መጠያየቅ ጀምሬያለሁ።