የጣና ፊልሞችና የአዳራሻችን ጣሪያ

ባሕር ዳር ያለው የቴአትር ክበባችን አዳራሽ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስ ነበር። ባልዲ ደርድረን በመሐሉ እየተሹለከለክን ተውኔት እንለማመዳለን። ቆርቆሮው መቀየር ነበረበት፤ ገንዘብ ግን አልነበረንም። በ2011 ዓ.ም. ሦስት የከተማችን ወጣቶች ስለ ጣና የሠሯቸውን አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች በአንድ ምሽት አሳይተን ገቢ ለማሰባሰብ ተስማማንና አስተባባሪነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ላሰበ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ የሆነውን ልንገራችሁ።

አንደኛው ፊልም እምቦጭ ላይ ነው፤ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲጎትቱ ያሳያል። ሁለተኛው በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ከደንገል፣ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ ታንኳ ሲሠሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሐይቁን ነጭ ዓሣ የሚከተል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው። ቀኑን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደረግሁት። ፖስተር ተለጠፈ፣ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አስረን ከተማውን ዞርን፤ የመጣው ግን አሥራ አንድ ሰው ነው። የቀረው ወጣት በየዲኤስቲቪ ቤቱ ፕሪሚየር ሊግ እያየ ነበር። የመጡትን ይቅርታ ጠይቀን ገንዘባቸውን መለስንና ለሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ቀየርነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሰዉ በዚያ ሰዓት የት እንደሚውል ጠይቁ።

በመሐል የነበሩትን ቀናት ለድምፅ አዋልናቸው፤ ይህ በጣም ጠቀመን። ሸራ መግዣ ስላልነበረን አቡጀዲ ሰፍተን ወጠርን፤ ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ቢልም ማንም ቅር አላለውም። ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ተመልካች ወሬ ይጀምራል። በባዶ አዳራሽ የተሞከረ ድምፅም ያታልላል፤ ሰው ሲሞላ ይታፈናል። እኛ የክበቡን ልጆች ሁሉ አስቀምጠን ነው የሞከርነው።

ከውሳኔዎቼ ሁሉ የምኮራበት አንድ ነው፤ ፊልሞቹ ውስጥ የታዩትን ሰዎች በሙሉ በክብር ጠርተን የፊት ወንበር ሰጠናቸው። ሐሙስ ማታ አዳራሹ ሞልቶ የዓሣው ፊልም እየታየ ተራኪው «ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣው ከሐይቁ ይጠፋል» እንዳለ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ከፊት ወንበር የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ድምፅ ተሰማ፦ «ልጄ፣ አይጠፋም። ወንዝ ይወጣል። እንቁላሉን ሊጥል ጉማራ ይገባል፣ ርብ ይገባል። የሚጠፋው እዚያ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን ስንጠብቀው ነው። ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ትልቁንም ትንሹንም ይጨርሰዋል።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ብርሃን ሲመለስ ፊልሙን ልናስቀጥል ስንል ሰዉ «ቆይ፣ አባባ ይጨርሱ!» አለን። ፊልሙን የሠራው ልጅ ማስታወሻውን አውጥቶ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ከዚያ ምሽት ወዲህ፣ ፊልም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገንዘቡ። ቲኬት 30 ብር፣ ለተማሪ 15 ነበር፤ የፕሮጀክተር ኪራይና የጄኔሬተር ነዳጅ ሸፍኖ የተረፈው ጥቂት ነው። ስፖንሰር እሆናለሁ ያለን አንድ ሆቴል በመጨረሻው ሳምንት ስልክ ማንሣት አቆመ። ክፉኛ ተናድጄ ነበር፤ ግን እጃችን ያልገባውን ገንዘብ በጀት ውስጥ የጻፍነው እኛው ነን። ያዳነን ጨረታ ነው። ታንኳ ሠሪው የክንድ ያህል ርዝመት ያላት የደንገል ታንኳ ሠርተው አምጥተው ነበር፤ ጠረኗ ገና እርጥብ ሣር ነው። ያሸነፈው ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ታንኳዋን «እንደገና ትሸጥ» ብሎ መለሳት፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ተሸጠች፤ ከቲኬቱ ሁሉ የበለጠ አስገባች።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የፊልም ሠሪዎቹ ነገር ነው። ፊልማቸውን በነፃ ሰጡን፤ እኛ ደግሞ የምስጋና ወረቀት ሰጥተን ሸኘናቸው። ካሜራ ተከራይተው፣ ጀልባ ከፍለው፣ ወራት ደክመው የሠሩት ነው። አሁን ቢሆን ከገቢው ድርሻቸውን አስቀድሜ በጽሑፍ እስማማ ነበር።

ቆርቆሮውን ግንቦት ላይ መታነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ እያወረደው፣ ያለ ባልዲ ተለማመድን። የዓሣውን ፊልም የሠራው ልጅ ግን ልምምድ ላይ አልነበረም፤ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሽማግሌውን ተከትሎ ጉማራ ወርዷል።