የካርቦን ፋይበር ኢንቴክ ወይስ ኦሪጅናሉ? ደብረ ማርቆስ ላይ ለክቼ ያየሁት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ 110 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እኛ ከተማ ሲገባ የሚቀረው 80 ገደማ ነው። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ከሌለው ማምለጫ የለውም።

የእኔ ኮሮላ የ2007 ሞዴል ነው። 1.6 ሊትር፣ ቤንዚን፣ ማንዋል ማርሽ። ዳገት ላይ ሲያለከልክ እሰማዋለሁ። የካርቦን ፋይበር ኢንቴክ ያማረኝም ለዚሁ ነው። ዱባይ የሚመላለስ ወንድሜ አመጣልኝ። በዋጋው ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ይህን ገና አልሰማችም።

ለማያውቅ፣ ኢንቴክ ማለት አየር ከውጭ ስቦ፣ በፊልትሮ አጣርቶ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ሳጥንና ቱቦ ነው። ኦሪጅናሉ ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን ውስጡ የወረቀት ፊልትሮ አለ። አዲሱ ደግሞ ወፈር ያለ የካርቦን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ዘይት የተቀባ ሾጣጣ የጥጥ ፊልትሮ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሙቀት ይከልላል የተባለ ግማሽ ግድግዳ ያለው ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱት ያምራል፤ ይህን አልክድም። ገበያ ላይ ፕላስቲክ ላይ የካርቦን ሥዕል ታትሞበት የሚሸጥም ስላለ ውስጡን ማየት ይበጃል። የእኔው እውነተኛ ነበር፤ የጨርቁ ሽመና በውስጥ በኩልም ይታያል።

ከመግጠሜ በፊት ግን ኦሪጅናሉን ጤነኛ ማድረግ ፈለግሁ። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው አዲሱን ዕቃ ከታፈነ ፊልትሮና ከተሰነጠቀ ሳጥን ጋር ነው። እንደዚያ ከሆነማ ምን ቢገጠም ይሻላል። የእኔው ሳጥን ከፊት ንጹሕ አየር የሚስብበት አፍ አልነበረውም። ከእኔ በፊት አንዱ ጋራዥ ፈትቶት ሳይመልሰው ቀርቷል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገኘልኝ። አዲስ ጄንዩን የወረቀት ፊልትሮም ገዛሁ። አሮጌውን ግን አልጣልኩትም፤ ለልኬት ፈለግሁት።

የለካሁበት መሣሪያ ርካሽ ነው። አንደኛው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ስካነር። የሚገባውን አየር ሙቀትና መጠን፣ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ምን ያህል እያስተካከለ እንደሆነ ያሳያል። ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት የጉሉኮስ ቱቦ ነው። በረዥም ማስመሪያ ላይ በዩ ቅርጽ አሰርኩትና በሻይ የቀላ ውሃ ሞላሁበት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ባለው የአየር ቱቦ ላይ ሰካሁ፤ ሌላውን ክፍት ተውኩት። ሞተሩ አየር ሲስብ ፊልትሮው ካስቸገረው ውሃው ወደ ሞተሩ በኩል ይሳባል። ልዩነቱ በሴንቲ ሜትር ይነበባል። መኪናዬን ሁልጊዜ የሚያዩልኝ መካኒክ ይህን ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ መኪናውን ጉሉኮስ ልትሰጠው ነው?» ብለው ሳቁ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ልመርምረው ብዬ ነው» አልኳቸው።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጬ፣ በደቂቃ 5,500 ዙር አካባቢ ስደርስ የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ማስመሪያውን ያነብልኝ ነበር። በአሮጌው የወረቀት ፊልትሮ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በአዲሱ የወረቀት ፊልትሮ 18። በካርቦኑ 11።

ሲያዩት ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ሒሳቡን እንየው። አሥር ሴንቲ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። እኛ አገር ያለው የአየር ግፊት ደግሞ 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ከ18 ወደ 11 ሲወርድ የተገኘው ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በፈረስ ጉልበት ቢሰላ ከአንድ ፈረስ በታች ነው። ከፍታው ከሃያ የሚበልጡ ፈረሶች ወስዷል፤ ቱቦው አንዷን እንኳ ሙሉ አድርጎ አልመለሰም። አሮጌውን ወረቀት በአዲስ ወረቀት መቀየሩ ብቻ ስድስት ሴንቲ ሜትር እንደሰጠኝም ልብ በሉ።

ደግሞም አየሩ በሳሳ ቁጥር በፊልትሮ ለማለፍ ያለበት ችግር ይቀንሳል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ኢንቴክ ጥቅም ጂቡቲ ወደብ ላይ ካለው ይልቅ ጎጃም ደጋ ላይ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ግን የደጋ ሰው ነው! ደብረ ማርቆስና ደጀን መካከል ባለው ሜዳ ላይ ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚፈጅበትን ጊዜም በሁለቱም አቅጣጫ ለካሁ። የነፋሱ ለውጥ ከኢንቴኩ ለውጥ ይበልጥ ነበር።

ነዳጅ ይቆጥባል ለሚለው ብዙ አልደክምም። በተለመደው ጉዞ ነዳጁን በትንሹ ስንረግጥ አየሩን የሚያፍነው ራሱ የሞተሩ የአየር በር ነው፤ ፊልትሮው አይደለም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ አጥንቶ ነበር። ኢንጄክሽን ባላቸው የቤንዚን መኪኖች ላይ ክፉኛ የታፈነ ፊልትሮ እንኳ ፍጆታውን እንደማይጨምር አሳይቷል፤ የሚጎዳው ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ፍጥነት የሚጨምርበትን አቅም ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ዓባይ በረሃ ላይ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ወረድኩ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ መኪናው ራሱ ነፍስ ሲዘራ ይታወቃል። መመለሻው ላይ ግን ከሲኖትራክ ኋላ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መንፏቀቅ ነው። ውጭው 33 ዲግሪ ነበር። በኦሪጅናሉ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 41 ዲግሪ ላይ ቆመ። በካርቦኑ በተመሳሳይ ዳገት 60 ደረሰ። ኦሪጅናሉ ከፊት፣ ከራዲያተሩ በላይ ካለው ክፍተት ንጹሕ አየር ይስባል። ሾጣጣው ግን ኮፈን ሥር ተቀምጦ የሞተሩንና የራዲያተሩን ትኩሳት ይጠጣል። ግማሿ ግድግዳ በዝግታ ጉዞ ምንም አልፈየደችም። አየር በሦስት ዲግሪ ሲሞቅ ክብደቱ በአንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ጉልበት በጣም በሚያስፈልገኝ ዳገት ላይ ከአምስት በመቶ በላይ ከሰርኩ። በደጋው ላይ ፈጠን ብዬ ስነዳ ልዩነቱ ወደ ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል።

«ካርቦን ሙቀት አያሳልፍም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ከአሉሚኒየም ቱቦ ጋር ሲወዳደር ልክ ነው። ፕላስቲክ ግን ከካርቦን ባልተናነሰ ሙቀት ይከላከላል። ደግሞ ሞተሩ በ3,000 ዙር ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ በሰከንድ 30 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። አየሩ በቱቦው ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አሥረኛ እጅ ላነሰ ጊዜ ነው። ዋናው ነገር አየሩ ከየት ተሳበ የሚለው ነው። ክብደት ይቀንሳል ለሚለው ደግሞ ሁለቱንም በሚዛን አስቀመጥኳቸው፤ ልዩነቱ አንድ ኪሎ አይሞላም።

አንድ ነገር ሻጩ አልነገረኝም። በአየር መንገዱ ላይ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ። በውስጡ የጋለ ሽቦ አለ፤ አየሩ በፍጥነት ባለፈ ቁጥር ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። ሴንሰሩ የተቃኘው ለኦሪጅናሉ የቱቦ ስፋት ነው። የካርቦኑ ቱቦ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሰፋ ይላል። በሰፊ ቱቦ ያው አየር ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ሴንሰሩ አሳንሶ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ያሳንሳል። ከዚያ ጭሱ ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር «አነሰ» ይልና ማስተካከያው ይጀምራል። የእኔው ማስተካከያ ከ2 በመቶ ወደ 11 ዘለለ። የቼክ ኢንጂን መብራት አልበራም፤ ስካነር የሌለው ሰው በምን ያውቃል? ጋሼ መላ አገኙ። ከተሰበረ ኦሪጅናል ክዳን ላይ ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ክፍል ቆርጠው፣ በጎማና በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ከካርቦኑ ጋር አገናኙልኝ። ማስተካከያው ወደ 3 ተመለሰ።

አቧራው ግን መላ አልነበረውም። በበጋ ወደ ጮቄ በሚወስደው ፒስታ ደጋግሜ ሄድኩ። በተመለስኩ ቁጥር ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የቱቦ ውስጥ በነጭ ጨርቅ እጠርግ ነበር። በወረቀቱ ጊዜ ጨርቁ ንጹሕ ነው። በጥጡ ጊዜ ቀጭን ቡናማ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ይህ ዱቄት ውስጥ አሸዋ አለበት፤ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ዘይቱ ከበዛ ደግሞ የሴንሰሩ ሽቦ ላይ ይጋገራል። ወረቀት ፊልትሮ የሚገርመው አቧራ እየያዘ ሲሄድ ማጣራቱ ይሻሻላል፤ መታፈኑ ግን ይጨምራል። ለዚህ ነው በየጊዜው የሚቀየረው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለኝን ሞተር ለአንድ በመቶ ብዬ አቧራ አላበላውም።

ድምፁስ? ድምፁ ግሩም ነው። ኦሪጅናሉ ሳጥን ላይ ብዙ ሰው «ምን ይሠራል?» ብሎ የሚነቅለው ባዶ ቋት አለ፤ ሥራው የአየሩን ጉርምርምታ መዋጥ ነው። ካርቦኑ ያ የለውም። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ከነበረው የገዘፈ ይመስላል። ብዙ ሰው «ጉልበት ጨመረ» የሚለው በጆሮው የሰማውን እንደሆነ እጠረጥራለሁ። የእህቴ ልጅ ማስመሪያውን ራሱ አንብቦ እንኳ «ይሮጣል!» ብሎ ተከራከረኝ።

አሁን ኦሪጅናሉ ሳጥን ከነአፉና ከአዲስ ወረቀት ፊልትሮ ጋር ተመልሶ ተገጥሟል። ካርቦኑን ባሕር ዳር ያለ ባለ ኮሮላ ገዛኝ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኩት። ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ወደ መከላከያው ሥር አውርዶ ቀዝቃዛ አየር ማስገባት ያስብ ነበር። በክረምት መንገዱ ውሃ ሲሞላ ሞተሩ ውሃ ሊጠጣ፣ የፒስተኑ ክንድም ሊታጠፍ እንደሚችል አስረዳሁትና ተወው። «ጉልበቱን ተወው፣ እኔ የፈለግሁት ድምፁን ነው» አለኝ። ጋሼ የቆረጡለትን የሴንሰር ቤትም ያለ ዋጋ ጨመርኩለት።