ቁልፍ አልባ ማስነሻ ለድሮ መኪና፦ ሣጥኑ ሲሞትስ?

የድሮ መኪና ላይ ቁልፍ አልባ ማስነሻ፣ ማለትም ኪስ ውስጥ ያለ ሪሞትን አውቆ በበተን የሚያስነሳ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን፣ ልግጠም ስትሉ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥማችኋል። አንዱ «ታሪክ አበላሻችሁ» ይላል። ሌላው ዕቃውን አዞ፣ ሁለት ቪዲዮ አይቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሊጨርሰው ተነስቷል።

ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። በተን ተጭኖ ማስነሳት ቁልፍ አዙሮ ከማስነሳት ይቀድማል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ካዲላክ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው መኪና ላይ ቁልፉ እሳቱን (ለሻማዎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ) ብቻ ነበር የሚከፍተው፤ ሞተሪኖውን (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሽከረክረውን ትንሽ ሞተር) የሚያዞረው ዳሽቦርዱ ላይ ያለ በተን ወይም ወለሉ ላይ በእግር የሚረገጥ ነገር ነበር። ቁልፉን አንድ እርምጃ ጨምሮ በማዞር ሞተር ማስነሳትን ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1949 ይዞ መጣ። ስለዚህ የ1940ዎቹን መኪና በበተን ብታስነሱት የተበላሸ ታሪክ የለም። የሚቀየም ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

የምፈራው ለሁለተኛው ሰው ነው። የሚጠይቀው «እንዴት ይነሳል?» ብቻ ነው፣ ማስነሳቱ ደግሞ ቀላሉ ክፍል ነው። ዋናው ጥያቄ ሣጥኑ ሲሞት መኪናው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቆሞ እያለ ቢሞት? እየሄደ ቢሞትስ? የእነዚህ መኪኖች ሽቦ ሃምሳ ዓመት የቆየው ቀላል ስለሆነ ነው። እኛ የምንጨምረው ሣጥን አሥር ዓመት ከቆየ ተመስገን ነው። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ አዲሱ ነገር ከቁልፉ ጎን ይገጠም እንጂ በቁልፉ ቦታ አይገጠም። የድሮው ቁልፍ ሲዞር መኪናው ልክ እንደ ድሮው መነሳት አለበት፣ ሣጥኑ ቢቃጠልም ባይቃጠልም።

አሁን ወደ ሥራው። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ አለው፦ ጠፍቷል፣ አክሰሰሪ፣ እሳት፣ ማስነሻ። የጀርመን መኪና ከሆነ ሽቦዎቹ ቁጥር አላቸው። 30 ከባትሪ የሚመጣው ነው፣ 15 እሳቱ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው። ልብ በሉ፣ ሞተሪኖው ሲዞር አክሰሰሪው መቋረጥ አለበት፤ ባትሪው ጉልበቱን ለሬዲዮና ለማሞቂያ ፋን እንዳያካፍል። እሳቱ ግን ለአፍታም መቋረጥ የለበትም። ይህን ሁለቱን አምታትቶ ያሰረ ሰው የሚያየው ምልክት ሁሌም አንድ ነው፦ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም፤ ልክ ጣቱን ከበተኑ ሲያነሳ ሞተሩ አንዴ ቱግ ብሎ ሊይዝ ይሞክራል። ይህን ካያችሁ ካርቡሬተሩን አትንኩት። ሞተሪኖው በሚዞርበት ሰዓት ቦቢናው (ለሻማዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ጣሳ) ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ።

ሞተሪኖውን የሚያዞረው ወፍራም ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ስለሚሄድ ሣጥኑን አይመለከተውም። ሣጥኑን የሚመለከተው ወደ ሶሌኖይዱ (የሞተሪኖውን ጥርስ ከሞተሩ ጥርስ ጋር የሚያገናኘው ማግኔት) የምትሄደው ቀጭኗ ሽቦ ናት፤ እሷንም አትናቋት። ሶሌኖይዱ ጥርሱን ገፍቶ ለማስገባት በመጀመሪያዋ ቅጽበት 30 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። ያንን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ማሳለፍ ሣጥኗን መግደል ነው። ሞተሪኖው አጠገብ ባለ 40 አምፔር ሬሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ስዊች) ከራሱ ፊውዝ ጋር ግጠሙና ሣጥኑ ሬሌዩን ብቻ ያዝዝ። ቮልስ ቢትል ያለው ሰው ይህንን ቁልፍ አልባ ነገር ባይፈልግም ቢያደርገው አይቆጨውም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የቁልፉ ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ተጉዞ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል፤ በተለይ ሞተሩ ሲሞቅ «ጠቅ» ብቻ ብላ ዝም የምትለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ሰው ሞተሪኖ ይቀይራል፣ ጥፋቱ የሽቦው ነው። በሬሌዩ የሽቦ ጥቅል ላይ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) መጨመርም አትርሱ። ሬሌዩ ሲለቅ ወደ ኋላ የሚመልሰው ምት የሣጥኑን ትራንዚስተር ይበላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ላይ ደረስን። ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየከፈተና እየዘጋ የእሳቱን ምት የሚፈጥረው መገጣጠሚያ) ያለው የድሮ ሞተር ጠፍቶ እሳቱ ክፍት ከቀረ ቦቢናው ይቃጠላል። ሞተሩ የቆመው ፑንቲናው ተጋጥሞ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ በቦቢናው ውስጥ ይፈሳል። 3 ኦም የሆነ ቦቢና በ12 ቮልት 4 አምፔር ይስባል፣ ማለትም ወደ 50 ዋት የሚጠጋ ሙቀት መውጫ በሌላት ጣሳ ውስጥ። በእጅ ስትነኩት ያቃጥላል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው ዘይት ማንጠብጠብ ይጀምራል፣ ከዚያ አዲስ መግዛት ነው። በቁልፍ ጊዜ ይህ አደጋ ትንሽ ነበር፤ ቁልፉን ነቅሎ የሚሄድ ሰው እሳቱንም ዘግቶ ነው የሚሄደው። በተን ሲሆን ግን ሁለቴ ተጭኖ እሳቱን ከፍቶ፣ ሬዲዮ ሰምቶ፣ ሪሞቱን ኪሱ ከቶ መሄድ ቀላል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ እሳቱ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ ክፍት ከሆነ ሣጥኑ ራሱ እንዲዘጋው አድርጉ። ሬዲዮ መስማት የፈለገ በአክሰሰሪ ይስማ።

ጥሩ፣ ግን ሣጥኑ ሞተሩ መነሳቱን በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ነው ትልቁ ወጥመድ። ብዙ መመሪያዎች የቻርጅ መብራቱን ሽቦ ተጠቀሙ ይላሉ፤ ዲናሞው ሲያመነጭ እዚያ ሽቦ ላይ ቮልት ይመጣል፣ ስለዚህ ሞተሩ ተነስቷል ማለት ነው። ያምራል። እስቲ መንገድ ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጠሰ እንበል። ሞተሩ እየዞረ ነው፣ ዲናሞው ቆሟል፣ ሣጥኑ ግን «ሞተሩ ጠፍቷል» ብሎ ደምድሟል። አሁን ከላይ ያልኩት የሁለት ደቂቃ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ሲያልቅ እሳቱን ይቆርጣል። እናንተ ደግሞ ምናልባት የጭነት መኪና እየቀደማችሁ ነው። ወይም በድንገት በተኑን ብትነኩት በሚዞር ሞተር ላይ ሞተሪኖውን ያስገባና ጥርስ ለጥርስ ይፋጫሉ። እኔ የማምነው ከቦቢናው ኔጋቲቭ ላይ የሚወሰደውን የእሳት ምት ነው። ሞተሩ ከዞረ ምቱ አለ፣ ከቆመ የለም፣ በዲናሞው አያመካኝም። ለጥንቃቄ የዘይት ግፊት ስዊቹን ሁለተኛ ምስክር ማድረግ ይቻላል። ሁለቱም «ቆሟል» ካላሉ ሣጥኑ እጁን ይሰብስብ።

ተመሳሳይ ሕግ ለሪሞቱም ይሠራል። እየነዳችሁ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅ ወይም ሪሞቱ በመስኮት ቢወድቅ ሣጥኑ ይጩህ፣ መብራት ያብራ፣ የፈለገውን ያድርግ፤ ሞተሩን ግን አይንካ። ይህን ሳታጣሩ ምንም ዓይነት ዕቃ አትግዙ።

መሪ የሚቆልፉ መኪኖች ላይ ምክሬ ሌላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ አብዛኛው መኪና መሪው በቁልፍ ይቆለፋል፣ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነበር። ቁልፉን ነቅላችሁ በበተን ብታስነሱ መሪው እንደተቆለፈ ነው። አንዳንዱ የመቆለፊያውን ብረት ያወጣዋል፣ በሕግም የሚያስጠይቅበት አገር አለ። ሌላው ቁልፉን አንዱ ቦታ ላይ ሰክቶ ይተወዋል፣ እንግዲህ ቁልፍ አልባው የቱ ጋ ነው? እንደዚህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ቁልፉን ለመሪው ይጠቀም፣ ከፈለገ በተኑን ለማስነሻው ብቻ ያድርገው። የድሮ የናፍጣ መርሴዲስ ያላችሁም ቀስ በሉ። ናፍጣ እሳት በመቁረጥ አይጠፋም። እንደ ደብሊው 123 ባሉት ላይ ሞተሩን የሚያጠፋው ቁልፉ ጀርባ ያለች የቫኪዩም ቫልቭ ናት። እሷን በኤሌክትሪክ ቫልቭ ካልተካችሁ ሞተሩ ይነሳላችኋል፣ ማጥፋቱ ነው የሚቸግረው።

ከርቀት ዕቃ ማዘዙ ከማስነሻው ይልቅ ደስ ይለኛል፣ አደጋውም ያነሰ ነው። በስልክ ወይም በሪሞት ጋራዥ ውስጥ መብራት ማብራት፣ የኋላ ኮፈን መክፈት፣ የራዲያተር ፋን ማዘዝ፣ በር መቆለፍ። እጀታው ተነስቶ በሩ ልሙጥ የተደረገ መኪና ላይማ ሪሞቱ ግዴታ ነው። እዚያ ላይ ግን የተደበቀ የሽቦ መሳቢያ ከሥር ካልተውችሁ፣ ባትሪው ባለቀ ቀን ባትሪው ያለበትን ኮፈን የሚከፍተው ገመድ መኪናው ውስጥ ነው፣ በሩም ዝግ ነው። ዙሪያውን እየዞራችሁ ማየት ነው። የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፓምፕን ግን በስልክ ከሚታዘዙት ዝርዝር አውጡት። ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም መቆም አለበት፣ በግጭት ጊዜም ራሱን የሚቆርጥ ስዊች ያስፈልገዋል።

ባትሪውን ቀስ ብሎ የሚጨርሰው ደግሞ ሁሌም ነቅቶ ትእዛዝ የሚጠብቀው ሣጥን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ሚሊአምፔር የሚስብ ሪሲቨር በቀን ግማሽ አምፔር ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ በሃምሳ ቀን ግማሹ ሄደ። ዋይፋይ ያለው ሣጥን ሁልጊዜ ተገናኝቶ ከቆየ 100 ሚሊአምፔር መሳቡ አያስደንቅም፣ ያ ደግሞ ያንኑ ባትሪ በሦስት ሳምንት ድርቅ ያደርገዋል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ይህ ምንም አይደለም። ግን የድሮ መኪናን በየቀኑ የሚነዳ ስንቱ ነው? ከመግዛታችሁ በፊት ተኝቶ ስንት እንደሚስብ እዩ፣ ከገጠማችሁ በኋላም በሜትር ለኩ። የተጻፈውን አትመኑ።

ሌባውስ? የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት የፋብሪካ ቁልፍ አልባ ሥርዓት ያላቸውን 10 ሞዴሎች ሞክረው፣ የሪሞቱን ምልክት ከርቀት በማቀባበል ሁሉንም ከፍተው አስነስተዋል። ትልልቅ ፋብሪካዎች እንደዚህ ከሆኑ የርካሹን ዕቃ አስቡት። አስጠግተው የሚነበቡት ትንንሽ ታጎች ከርቀት ማቀባበሉ ይከብዳቸዋል፣ ግን በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ተራዎቹ ሁሌም አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ያችን ቁጥር የሰማ ይገለብጣታል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው የተደበቀ ሜካኒካል ስዊች ነው፤ ወደ ሞተሪኖው ሬሌይ የምትሄደውን ሽቦ የሚቆርጥ፣ ቦታውን እናንተ ብቻ የምታውቁት። የእሳቱን መስመር ግን በእሱ አትቁረጡ። ስዊቹ በንዝረት ቢላቀቅ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል።

ከቤት ሆኖ ሞተር ማስነሳት? ማንዋል ካምቢዮ ላይ አልስማማም። ማርሽ ውስጥ ከቆመ መኪናው ሰው ሳይኖርበት ይዘላል። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጭሱ ይገድላል። ደግሞስ ቾክ በእጅ የሚሳብበት፣ ቤንዚን ሁለቴ ረገጥ አድርጎ መስጠት የሚፈልግ ካርቡሬተር ከሩቅ ሲዞር ባትሪ ከመጨረስ ሌላ ምን ያደርጋል? በበተንም ቢሆን ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይዞር ስዊች ግጠሙለት። የፍሬን መብራቱን ስዊች የሚጠቀሙ አሉ፣ የድሮዎቹ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠሩት ስዊቾች ግን ቶሎ ይደክማሉ፤ አንዱ ሲበላሽ መብራቱም ማስነሻውም አብረው ይሄዳሉ።

6 ቮልት የሆነ ወይም ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር የታሰረ መኪና ላይ (ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ እንደዚያ ነበሩ) ተራው ዕቃ አይሠራም። የመኪናውን ኤሌክትሪክ ከቀየራችሁ ሁሉንም ቀይሩ፣ ካልቀየራችሁ ተዉት።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ መንገድ ሳትወጡ ሞተሩን አስነሱና የሣጥኑን ፊውዝ ንቀሉ። የድሮው ቁልፍ እሳቱ ላይ ከሆነ ሞተሩ መቀጠል አለበት። ፊውዙ እንደተነቀለ አጥፉትና በቁልፉ መልሳችሁ አስነሱት። ቀጥሎ ፊውዙን መልሱና ሪሞቱን ከመኪናው አርቁት፤ ምንም መሆን የለበትም። ከዚያ የደከመ ባትሪ ስጡት። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ወደ 8 ሲወርድ ደንግጦ ራሱን አጥፍቶ የሚነሳ ሣጥን ከሆነ ዛሬውኑ መልሱት። ክረምት ሲመጣ አያስነሳችሁም።