«በርሰርክ»፦ ለሁለት የማይሰነጠቅ ገጽ

ድሬ ውስጥ «በርሰርክ» የተባለውን የጃፓን ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ከሚያውቁት አብዛኞቹ ያገኙት በስልክ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ፋይል ወይም ከአኒሜው (ከካርቱን ፊልሙ) በተቆራረጠ ቪዲዮ። ደራሲውና ሠዓሊው ኬንታሮ ሚዩራ ግን የሣለው ተዘርግቶ ለሚነበብ መጽሔት ነበር፣ የግራና የቀኙ ገጽ ባንድ እይታ እንዲገባ አድርጎ። በስልክ ታሪኩ ይደርሳል፤ ሥዕሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ማንጋውን ልትጀምሩት ላሰባችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ለተዋችሁት፣ እንዴት እንደታተመና በምን ቢነበብ እንደሚያዋጣ እነሆ።

ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። ሃኩሰንሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚ በ1989 «መንዝሊ አኒማል ሃውስ» በሚባል ወርኃዊ መጽሔቱ ላይ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። መጽሔቱ በ1992 ስሙን «ያንግ አኒማል» ብሎ በወር ሁለት ጊዜ መውጣት ያዘ። የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ1990 ነው። አሠራሩ የሬዲዮ ተከታታይ ትረካ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ክፍል በክፍል በመጽሔት ይወጣል፣ ሲጠራቀም በቅጽ ይጠረዛል። ሚዩራ ግን እትም ይዘል ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት አንባቢ አንድ ክፍል ለማየት ወራት ይጠብቅ ነበር። ይህን እንደ ስንፍና የሚያወሩ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ምክንያቱ ገጹ ላይ ተጽፏል።

የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የጋትስን፣ ካባ ተመልከቱ። ከሩቅ ጥቁር ብቻ ነው። ጠጋ ሲሉት እርስ በርስ የተሻገሩ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ እጥፋቱ በዞረበት መስመሩም ይዞራል፣ ብርሃን በነካው ቦታ መስመሮቹ ይሳሳሉ፣ በመካከላቸውም ፀጉር የምታህል ነጭ ትቀራለች። ጥሩሩ ላይ ያለው ጭረት፣ የፈረሱ ጡንቻ፣ ከኋላ ያለው የግንብ ድንጋይ ሁሉም እንዲሁ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ሥዕል ሁለት ገጽ ሙሉ ሲሆን በሁለት ሳምንት አይደርስም።

ፋይል የሚያበላሸውም ይህንኑ ነው። ሥዕሉ መጠኑ ሲቀነስ ያቺ የፀጉር ያህል ነጭ ትጠፋለች፣ ካባው የቀለም ድፋት ይሆናል። በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ጥላ ደግሞ ሲያንስ የውሃ ሞገድ የመሰለ ዝንጉርጉር ያወጣል፤ ሠዓሊው ያንን አልሣለውም። ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ታብሌት የምትገዙ ከሆነ ባለ 10 ኢንቹን ምረጡ፣ ስታነቡም አግድም ያዙት። በማንበቢያው መተግበሪያ ላይ ሦስት ነገር አስተካክሉ፦ ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን፣ ሽፋኑ ለብቻው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳል። ሽፋኑ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ከተጣመረ እስከ ቅጹ መጨረሻ ሁሉም ጥንድ በአንድ ገጽ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ የአንድ ሥዕል ግማሽ እዚህ፣ ሌላው ግማሽ የሚቀጥለው ስክሪን ላይ ይወድቃል።

ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ዓረብኛ ለቀራ የድሬና የሐረር ልጅ ቀላል ነው። የሚያደናግረው ሌላ ነው። የሥዕል ሣጥኖቹም የንግግር አረፋዎቹም ከቀኝ ይጀምራሉ፣ አረፋው ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ግን ከግራ ይነበባል። መልሱ ከጥያቄው የቀደመ ከመሰላችሁ አረፋውን ከግራ ጀምራችኋል ማለት ነው።

አጀማመሩ ላይ ብዙ ሰው ይሸሻል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጾች ጨካኝ ናቸው፤ ጋትስም የሚወደድ ሰው አይደለም። ከሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ገደማ ታሪኩ ወደ ልጅነቱ ይመለስና እስከ 14ኛው ቅጽ ድረስ ያንኑ ይተርካል። የሥራው ልብ እዚያ ነው። እነዚያን ሦስቱን ዘልሎ ከልጅነቱ ይጀመር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አትዝለሉ እላለሁ። ሰውየው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያላየ፣ ምን እንዳጣ ሲነገረው ክብደቱ አይሰማውም።

ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። በአንባቢዎች ዝርዝር የመጀመሪያዎቹ 16 ክፍሎች ቁጥር የላቸውም፣ በላቲን ፊደል ነው የሚጠሩት፤ 1 ብሎ መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፋይሉን የሰየመው ሰው ከመጀመሪያው ቆጥሮ ከሆነ ሁሉም በ16 ይዛባል። ክፍል 83 ደግሞ በቅጽ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። መጽሔቱ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ግን የዓለሙን ምሥጢር ከልክ በላይ ገለጠብኝ ብሎ ሚዩራ ራሱ ከቅጹ አስወጥቶታል። ስለዚህ ከ82 ወደ 84 ሲዘል ገጽ ጠፋ ብላችሁ አትጨነቁ።

አኒሜው ማንጋውን አይተካም። በ1997 የጀመረው ባለ 25 ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ግን ታሪኩ ገና ሳያልቅ ይቆማል። የ2016ቱ በኮምፒዩተር አሣሣሉ ክፉኛ ተተችቷል፤ ትችቱም ይገባዋል።

ስለ አቀባበሉ፦ በ2002 የቴዙካ ኦሳሙ የባህል ሽልማትን የልህቀት ዘርፍ አገኘ፤ በ2021 የተሰራጨው ቅጂ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ፕሌይስቴሽን ቤት «ዳርክ ሶልስ»ን የተጫወተ ሰው ማንጋውን ሳያውቀው ቀምሶታል፤ የትልቁ ሰይፍና የፈረሰው ግንብ ዘር ከዚህ ነው። ሚዩራ በግንቦት 2021 በ54 ዓመቱ ከልብ በሚነሣው ትልቁ የደም ሥር መሰንጠቅ ሲሞት፣ የ«ፋይናል ፋንታሲ 14» ተጫዋቾች ጨለማ ፈረሰኛ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ለብሰው ጨዋታው ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። ያ ልቅሶ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ክፍል 364 ከሞቱ በኋላ በዚያው ዓመት መስከረም ወጣ። በሰኔ 2022 ሥራው ቀጠለ፣ ሥዕሉን የሚዩራ ረዳቶች የነበሩት የስቱዲዮ ጋጋ ሠዓሊዎች እየሠሩ፣ የወጣትነት ወዳጁ ኮጂ ሞሪ እየተቆጣጠረ። ሚዩራ የታሪኩን ፍጻሜ ለሞሪ ከብዙ ዓመት በፊት ነግሮት ነበር፤ ሞሪም ከነገረኝ ውጭ አልጨምርም ብሎ ቃል ገብቷል። መስመሩ ተጠብቋል ማለት ይቻላል። እኔ የማጣው ዝምታውን ነው፤ ሚዩራ ቃል የሌለበት ገጽ ላይ ይቆይ ነበር፣ አሁን ትረካው ይጣደፋል።

መጽሐፉን ለማስመጣት ለምታስቡ፦ በእንግሊዝኛ የሚያሳትመው የአሜሪካው ዳርክ ሆርስ ነው፣ ከ2003 ጀምሮ። ከ2019 ወዲህ የሚያወጣው ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቁ እትም 18 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ 13ኛው ድረስ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቅጽ ይይዛል። ውድና ከባድ ነው፣ ግን ከላይ ያልኳችሁን የካባ መስመር የሚያሳየው እሱ ነው። ሥራው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የተሰናዳ ነው። የመድፈርና የግድያ ትዕይንቶች አሉበት፤ «ሥዕል ነው» ብላችሁ ለታናሽ ወንድም አትስጡ።

ትንንሾቹ ባለ ለስላሳ ሽፋን ቅጾች የተጠረዙት በሙጫ ነው፣ የድሬ ሙቀት ደግሞ ሙጫን ያላላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ከፍ ያለ መደርደሪያና ከመስኮት አርቋቸው፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፣ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉአቸው። መሐሉን ለማየት ሁለቱን ክንፍ ጠረጴዛ ላይ በኃይል አትጫኑ። ሙጫው ከተሰነጠቀ መጀመሪያ የሚወድቁት በብዛት የተከፈቱት ባለ ሁለት ገጽ ሥዕሎች ናቸው።