አንድ ፊደል የሚቀይር ፓች

ሰሞኑን ሪቪው የማደርጋቸው የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ፓቾች፣ ማለትም የኮድ ለውጦች፣ ላይ ላዩን ሲታዩ ቀላል ናቸው። ጽሑፍ የሚቀዳው ስትር-ኤን-ኮፒ (strncpy) የሚባል ፈንክሽን ይሰረዛል፣ በቦታው ስትር-ኤስ-ኮፒ (strscpy) ይገባል። በኤን ፋንታ ኤስ፤ በቃ። ብዙ ጊዜ የሚልኳቸው ለከርነሉ አዲስ የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ለጀማሪ ጥሩ ሥራ ነውና። እኔ ግን እነዚህን ፓቾች ሳይ ከትልልቆቹ ይልቅ ረጋ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ለራሴም ጭምር ልጻፈው።

ስትር-ኤን-ኮፒ ስሙ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በሲ ቋንቋ አንድ ጽሑፍ የት እንዳለቀ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ባለው ዜሮ ባይት ነው። ይህ ፈንክሽን ግን ምንጩ ቦታውን ሙሉ በሙሉ ከያዘው ዜሮውን ሳያስገባ ይወጣል። 16 ባይት ቦታ ላይ 16 ባይት ስም ስጡት፤ ሁሉንም ሞልቶ ዝም ይላል። በኋላ ያንን ስም የሚያነበው ኮድ መቆሚያ ስለሌለው ቀጥሎ ወዳለው ሜሞሪ ዘው ይላል። ምንጩ አጭር ሲሆን ደግሞ የተረፈውን ቦታ በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ይህን ሁለተኛውን ጠባዩን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በመሃል ስትር-ኤል-ኮፒ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ኦፕንቢኤስዲ ከሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጣው። ዜሮውን አይረሳም። ግን የምንጩን ሙሉ ርዝመት መመለስ ስላለበት ምንጩን እስከ ጫፉ ያነባል። ምንጩ ዜሮ ከሌለው ማንበቡን ይቀጥላል፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስትር-ኤስ-ኮፒ በ2015 በከርነሉ 4.3 ቨርዥን ገባ። ስትር-ኤል-ኮፒ ደግሞ በ2024 ከወጣው 6.8 ጀምሮ ከከርነሉ ውስጥ የለም። ሰዎች ለዓመታት ጥሪዎቹን አንድ በአንድ እያዩ ነው እዚያ ያደረሱት፤ በጣም የማከብረው ሥራ ነው።

እና አዲሱ ፈንክሽን የተሻለ ነው። ዜሮውን ሁልጊዜ ያስገባል። ቦታው ለጽሑፉ ካልበቃ ቆርጦ፣ መቁረጡን በኔጌቲቭ ቁጥር ይናገራል። ታዲያ ምን ያስጨንቃል?

መጀመሪያ የማየው መድረሻው በእርግጥ ስትሪንግ፣ ማለትም በዜሮ የሚያልቅ ጽሑፍ፣ መሆኑን ነው። የኤክስት4 ፋይል ሲስተም የዲስኩን ስም የሚያስቀምጥበት ፊልድ 16 ባይት ነው፤ 16ቱም ለስሙ ናቸው፤ የመጨረሻ ዜሮ ግዴታ አይደለም። እዚህ ላይ ስትር-ኤስ-ኮፒን ማስገባት ማለት የሰውን ዲስክ ስም አንድ ባይት መቁረጥ ነው። ፓቹ ይገነባል፣ ፈተናውንም ያልፋል፣ ግን ስህተት ነው። ለእንዲህ ያለው ቦታ ሌሎች ፈንክሽኖች ተዘጋጅተዋል።

ከዚያ የዜሮ ሙሌቱ አለ። አንድ ድራይቨር ስታክ (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ስትራክት፣ ማለትም ብዙ ፊልዶችን የያዘ ጥቅል፣ ይፈጥራል፣ ስሙን ይቀዳበታል፣ ስትራክቱን እንዳለ ወደ ዩዘር ስፔስ (ተራ ፕሮግራሞች ወደሚሠሩበት ክፍል) ይልካል። ስሙ 4 ፊደል፣ ቦታው 16 ባይት ይሁን። አሮጌው ፈንክሽን የቀረውን 12 ባይት ያጸዳው ነበር። አዲሱ ከዜሮው በኋላ ላለው ቦታ ኃላፊነት የለበትም። ስታኩ ላይ ቀድሞ የነበረው ነገር፣ ምናልባትም የከርነል አድራሻ፣ አብሮ ይወጣል። ለደኅንነት ተብሎ የተላከ ፓች ራሱ ቀዳዳ ከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ተነስቼ ወደ ላይ እሄዳለሁ፦ ስትራክቱ ሲፈጠር ተጠርጓል? ወደ ታችም እወርዳለሁ፦ የት ነው የሚላከው? አንድ መስመር ለመፍቀድ ሦስት ፋይል መክፈት ያለ ነው። ካልተጠረገ፣ ቀሪውን በዜሮ የሚሞላው ስትር-ኤስ-ኮፒ-ፓድ ነው የሚያስፈልገው።

የመቁረጡን ነገር ለእኛ አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም) ስም ዜሮውን ጨምሮ 16 ባይት ነው፤ ለስሙ የሚተርፈው 15። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። ፕሮሰሱን «አዲስ አበባ» ብላችሁ ሰይሙት። «አዲስ» 9 ባይት፣ ክፍተቱ 1፣ «አ» 3፤ 13 ሆነ። የቀሩት 2 ባይቶች ላይ የ«በ» ሁለት ሦስተኛ ይገባና እዚያው ያልቃል። የሚታየው «አዲስ አ» እና አንድ የተሰበረ ምልክት ነው። ሜሞሪው ምንም አልሆነም፤ ጽሑፉ ግን ተበላሽቷል። ስለዚህ ኔጌቲቩን ቁጥር ማንም ሳያየው የሚያልፍ ኮድ ሳገኝ እጠይቃለሁ፦ ቢቆረጥ ለማን ይነገራል?

የመጠበቂያውን ኮድ ራሱን የሚነኩ ፓቾችም ይመጣሉ። ፎርቲፋይ ሶርስ የሚባለው ነው፤ በ2017 በ4.13 ከርነሉ ውስጥ የገባው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር የመድረሻውን ስፋት ሲያውቅ፣ ቅጂው ከዚያ እንደሚበልጥ ገና ሲገነባ ከታየ ግንባታውን ያስቆማል። ካልታየ ኮዱ ሲሮጥ ይፈትሸዋል። ድሮ ለሜምኮፒ (ባይቶችን እንዳሉ ለሚቀዳው ፈንክሽን) የሚያውቀው የግቢውን አጥር እንጂ የክፍሎቹን ግድግዳ አልነበረም፤ ከስትራክቱ እስካልወጡ ድረስ ከአንዱ ፊልድ ወደ ሌላው ቢፈስ አይናገርም። የከርነል ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኬስ ኩክ እና አብረውት የሚሠሩት ይህን ወደ ፊልድ ደረጃ አወረዱት። ያኔ ሆን ተብለው የተጻፉ ቅጂዎች ብቅ አሉ። ለምሳሌ የኢተርኔት ሄደር ላይ የተቀባዩ አድራሻ 6 ባይት ነው፣ ቀጥሎ የላኪው 6 ባይት። ከመጀመሪያው ፊልድ ተነስቶ 12 ባይት መቅዳት የተለመደ ነበር። ትክክል ነው፣ ግን ለፈታሹ ጥቃት ይመስላል። መፍትሔው ሁለቱን ፊልዶች በስትራክት ግሩፕ ሰብስቦ በአንድ ስም መጥራት ሆነ። እንዲህ ያሉት እስኪጠሩ ድረስ ኮዱ ሲሮጥ ፊልድ ተሻግሮ የሚጽፈው ሜምኮፒ ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲወጣ ተደረገ እንጂ ቅጂው አልታገደም። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ትክክለኛ ኮድ ይዞ የሚሠራን ሰርቨር የሚጥል ጥበቃ ቢመጣ፣ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራቸው እሱን ማጥፋት ይሆን ነበር።

ፎርቲፋይ የማይደርስበትም አለ። አንድ ሰው ስፋቱን በሳይዝኦፍ (የአንድን ነገር ስፋት በባይት በሚነግረው) ይሰጣል፤ መድረሻው ግን አሬይ፣ ማለትም ቦታው ራሱ፣ ሳይሆን ፖይንተር፣ ማለትም የቦታው አድራሻ፣ ነው። በ64 ቢት ማሽን መልሱ 8 ነው። ስሙ 7ኛው ባይት ላይ ይቆረጣል፤ 8 ከትክክለኛው ስፋት ስለሚያንስ ፈታሹ ምንም የሚከሰው ነገር አያገኝም። ይህን በዓይን ነው የሚያዙት።

ዛሬ ለመጣው ፓች መልስ ጽፌያለሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ። የጎደለው ማብራሪያው ነው። ከእያንዳንዱ ቅያሪ ጋር መድረሻው ዜሮ ይፈልግ እንደሆነ፣ ቀሪው ቦታ የት እንደተጠረገ፣ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ኮሚት መልእክቱ (ከፓቹ ጋር የሚሄደው ማብራሪያ) ላይ እንዲጽፍ ጠይቄዋለሁ። አንዱን ጥሪ ደግሞ እንዳለ እንዲተወው ነገርኩት፤ ስትራክቱ ሳይጠረግ ወደ ዩዘር ስፔስ የሚሄድ ነው፣ ለብቻው በስትር-ኤስ-ኮፒ-ፓድ ይምጣ።

እሺ፣ ነገ እልከዋለሁ ብሏል።