ባቡሩ ኮዬ ፈጬ ከመድረሱ በፊት

በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ፣ ከአያት አልፎም በቦሌ አራብሳ በኩል ስለ ከተማዋ ቀላል ባቡር ወሬ ሲነሳ ጥያቄው ያው ነው፤ «እኛ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው?» ይባላል። ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ወደ ዳር የወጣው ነዋሪ ሥራው የቀረው መሃል ከተማ ነው፤ ሐዲዱ ደግሞ በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ባቡሩ ኮዬ ፈጬ ቢደርስ፣ በአሥረኛው ዓመት ጎማውን ማን ይገዛለታል?

ያለው ባቡር በምን ገንዘብ እንደተሠራ እናስታውስ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው፣ ማለትም 404 ሚሊዮን ያህሉ፣ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ዶላር 21 ብር ገደማ ስለነበር ብድሩ በብር ወደ 8.5 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። ዶላር 57 ብር ሲገባ ያው ብድር 23 ቢሊዮን ሆነ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በ120 ብር እንኳ ቢሰላ ከ48 ቢሊዮን ይበልጣል። እስካሁን የተከፈለው ይቀነስ፤ ያልተከፈለው ግን በዚሁ ልክ አብጧል። ገቢው በአንጻሩ በብር ነው። መጀመሪያ የወጣው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ 6 ብር 29 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር፤ በ57 ሲመነዘር 10 ሳንቲም ቀረ። የታሪፉን ዝቅተኛነት አልቃወምም፤ የቀን ሠራተኛ የሚሳፈርበት ነገር ርካሽ መሆን አለበት። ርካሽ ከሆነ ግን ጉድለቱን የሚሞላው ድጎማ በየዓመቱ በጀት ውስጥ በግልጽ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ጉዳዩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጎማው ላይ ነው። የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ በውስጥ በኩል ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ወፍራም ጠርዝ አለው። ኩርባ በበዛበት መስመር ይህ ጠርዝ ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ሲሳሳ ዲፖ ገብቶ በቶርኖ ይላጋል፤ ቅርጹም ይመለሳል። ታዲያ ቶርኖ ብረት አይጨምርም። ጠርዙ እንዲወፍር የሚደረገው የጎማው ዙሪያ ተልጦ ነው፤ ስለዚህ ጎማው በተላገ ቁጥር ያንሳል። የመጨረሻው ልክ ላይ ሲደርስ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። አዲሱ የሚመጣው ከውጭ ነው። ትዕዛዙ፣ ኤልሲው (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ የዶላር ወረፋው፣ መርከቡ፣ ጅቡቲ፣ ጉምሩክ… ወራት ይበላል። መጋዘን ውስጥ ተጠባባቂ ከሌለ ጥገና ክፍሉ ከቆመው ባቡር ፈትቶ ለሚሄደው ይገጥማል። ለጊዜው ሥራ ይቀጥላል፤ የቆመው ግን ነገ በሩ፣ ከነገ ወዲያ የፍሬኑ ዕቃ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ እየተፈታ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል። ከ41ዱ ብዙዎቹ ከሥራ የወጡት በመለዋወጫ እጦት ነው።

ይህ ለተሳፋሪው ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። አንድ ባቡር ሲሞላ 300 ሰው ገደማ ይይዛል፤ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ 25 ምልልስ መሆኑ ነው። በየ6 ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 3,000 ሰው ያነሳል፤ በየ20 ደቂቃው ከሆነ 900 ብቻ። ድልድዩ ያው፣ 750 ቮልት የሚሸከመው ሽቦ ያው፣ ዕዳውም ያው ነው። በዚያ ላይ የሚጠብቀው ሰው ስለሚበዛ በሩ በግፊያ ይዘጋል፤ በግፊያ የሚዘጋ በር ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

«እንግዲያውስ አውቶቡስ ይሻላል» የሚሉትን በግማሽ እስማማለሁ። የተበላሸ አውቶቡስ ጥግ ይይዛል፤ የተበላሸ ባቡር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። ነገር ግን የአውቶቡስም መለዋወጫ፣ ነዳጁም በዶላር ነው የሚገባው። የራሱ መንገድ ካልተለየለት ደግሞ ከሚኒባሱ ጋር አብሮ ተሰልፎ ይቆማል። ከዊንጌት ጀሞ የታቀደው ፈጣን አውቶቡስ ቁም ነገሩ የተለየው መንገድ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ እኔ መሬቱን አያለሁ። ጣቢያ ሲተከል በዙሪያው ያለው ይዞታ ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋውን ከፍ ያደረገውም የሕዝብ ገንዘብ ነው። የሊዝ ጨረታ ገቢ ለግንባታ ይሁን፤ የተሸጠ መሬት ዳግም ስለማይሸጥ ለዓመታዊ ጥገና አይሆንም። ለጥገናው የሚስማማው በየዓመቱ የሚሰበሰበው የንብረት ታክስ ነው። አዋጁ በ2017 ስለጸደቀ፣ ከጣቢያ አጠገብ ካሉ የንግድ ሕንፃዎች ከሚሰበሰበው የተወሰነው ለመለዋወጫ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። የ20/80 የባንክ ዕዳውን ገና እየከፈለ ያለ የኮንዶሚኒየም ባለቤት ግን ከፎቅ ባለንብረት እኩል ይክፈል ከተባለ ግፍ ነው።

አዲስ ሐዲድ እስኪዘረጋ ደግሞ ከቃሊቲ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ከአያት ወደ አራብሳ በባቡሩ ሰዓት የሚመላለስ አውቶቡስ ይመደብ። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት የግራ መስመሩን ለብቻው ይያዝለት፤ ማቆሚያውም ከባቡሩ መውረጃ ፊት ለፊት ይሁን። ከወረዱ በኋላ አስፋልት ተሻግሮ ሌላ ሰልፍ መያዝ ለአሮጊትና ልጅ ላዘለች እናት ከመንገዱ ሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው።